መስመር አሥራ አራት

መንዳት ስጀምር፣ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈው፣
ዘጠኝ ልጅ ነበር በአርባ ማይል መንገድ የምለቅመው።
ጥጥ በግራ፣ ጥጥ በቀኝ፣
መሐል እኔ፤ ከጧቱ ጨለማ በቀር ቀዳሚ የሌለኝ።
የስተኪዎቹ ልጅ፣ ቨርለን፣ ካጥሩ ጥግ ተደግፎ፣
ቦት ጫማውን ጭቃ ውጦት፣ ደብተሩን ባንድ እጁ አቅፎ፣
ይጠብቀኝ ነበር። ባጣውም ትቼው አልሄድም፤
ጥሩንባ ነፍቼ እቆማለሁ፤ ዘጠኝ ልጅ ስምንት አይሆንም።

ከዚያ ዌትስቶን ካውንቲ ሰው አማረው።
ባለ ካስማ መጣ፤ ማሳው መሐል ብርቱካንማ ጨርቅ አሰረ፤
በዓመቱ ካስማው በቀለ፣ ጣሪያ አፈራ፣ ጋራዥ አፈራ፤
ጥጡ በዚያው ቀረ።
ዛሬ ከሁለት መንደር ብቻ ስልሳ አራት ልጅ እጭናለሁ፤
ስማቸውን ሳልጨርስ ሌላ ይመጣል፤ እረሳለሁ።
አንዱን መንገድ «ጥጥ ማሳ» ብለው ሰሌዳ አቁመውለታል፤
ለሟች እንዲህ ነው፤ ስሙን ድንጋይ ላይ ይጽፉለታል።

ሁለተኛ ደረጃው ያው አንድ ነው፤ ለስድስት መቶ ልጅ የሠሩት፣
ዛሬ ሦስት ሺሕ ገብተውበት ትንፋሽ ያሳጡት።
ከጀርባው ተጎታች ክፍል ደርድረዋል፣ እንደ ቆመ ባቡር፣
ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት አስተማሪውን የሚያደናቁር።
ምሳ የሚጀመረው ጧት በአራት ሰዓት ነው፤ በፈረቃ፤
የመጨረሻው ሳህን ሲነሳ፣ የመጀመሪያው ልጅ ሆድ ዳግም ነቃ።

ታዲያ ቦርዱ ሁለተኛ ሊከፍት፣ ካርታ ሰቀለ ግድግዳ ላይ፤
ቀይ መስመር፣ ከወንዙ እስከ አውራ ጎዳናው፣ ከሩቅ የሚታይ።
ለአንድ ሰው ሁለት ደቂቃ። ማታ። ወንበሩ የሚቀዘቅዝ ብረት።
አንዱ ተነሳ፦ «ቤቴን የገዛሁት ለጃርቶቹ ነው፤ ለዚያ ትምህርት ቤት!»
(ጃርት የቡድናችን ስም ነው። አትሳቁ።)
ወይዘሮ ኮማቲሬዲ ቁጥሩን ደምራ መጣች፤
«በሦስት ዓመት ይሄም ይሞላል» ብላ ወረቀቷን አጠፈች።
መጨረሻ ቨርለን ቆመ፣ በሁለት እጁ ይዞ ቆቡን፤
ያባቱ መሬት ነበር፣ አዲሱን የሚሠሩበት። ሽጠውታል።
«እዚያ ጥግ ውሃ ይተኛል» አለ፤ «ከፍ አርጉት መሠረቱን።»
አርባ ሰከንድ አልፈጀም። ጸሐፊዋ «እናመሰግናለን» አለች፤
የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

መስመሩ በፒካን ጎዳና መሐል፣ በአስፋልቱ ቢጫ ላይ አለፈ፤
የኦዳሊስን በር ወዲህ፣ የታንቪን ወዲያ አሰለፈ።
ሁለቱም ትሮምቦን ነፊ ናቸው። ሁለት ዓመት ካሥራ አንደኛው ወንበር
ተነስተው አያውቁም ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ፣ የመጀመሪያው ቀን። አዲስ ወረቀት ተሰጥቶኛል፤
ቁጥሬ ያው አሥራ አራት ነው፤ መንገዴ ግን ተቀይሯል።
እጄ ማንበብ አይችልም፤ ከመብራቱ ወደ ግራ ጠመዘዘ፣
ለሃያ ስድስት ዓመት ልማዱ ታዘዘ።
አውቶቡሱ ሙሉ ዝም አለ። ያሮጌው ደጅ ደረስን፤
በሩ ላይ የተሳለው ጃርት እንደ ዘመድ አየን።
ታንቪ ናት፣ ከኋላ፣ ቀስ ብላ፦ «ሚስ ቲግ፣ እኛ እኮ የዚህ አይደለንም።»
«አውቃለሁ» አልኩ። አላውቅም።

አዞርኩ።
አዲሱ ግንብ ገና ስም የለው፤ በሩ ላይ «ቁጥር ሁለት» ይላል፤
የዋንጫው መስታወት ባዶ፤ ውስጡ የጽዳት ጨርቅ ተረስቷል።
ጠረጴዛው ላይ በምስማር የተጫረ ስም እንኳ የለ።
ሌሊት ዘንቦ ነበር። ልጅ የማወርድበት ጥግ
ውሃ ተኝቷል፣ ቨርለን እንዳለ።

በሩን ከፈትኩ። ዘለሉ፤ አንዳንዱ ዘሎ አመለጠ፤
የታንቪን ነጭ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃው ዋጠ።
ስልሳ አራት ወረዱ። ወረቀቱም ስልሳ አራት ነው የሚለው።
ከአሥራ አንደኛው ወንበር ሥር ግን
የትሮምቦን ሣጥን ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ከኋላውም ጉልበት አለው።

«ኦዳሊስ» አልኩ። መልስ የለም።
ለዚያኛው ደወል ሰባት ደቂቃ ቀርቷል፤ ሰዓቴን አየሁ።
እንዲህ ያለ መስመር ካርታው ላይ የለም።
በሩን ዘጋሁ፤ ነዳሁ።